ለአዲስ ሥራ ጓዝ ሲነሳ፦ የመዛወሪያ ወጪን ከቀጣሪዎ ጋር የመደራደር ዝርዝር መመሪያ

ከዓመታት በፊት ከምኖርበት ከተማ ርቆ የሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ደብዳቤ ሲልክልኝ ከደስታዬ ብዛት በማግሥቱ ፈርሜ መለስኩ። ጓዝ የማንሳቱ ጉዳይ የራሴ ጣጣ ብቻ መስሎኝ ነበር። የጭነት መኪናው፣ ለሁለት ቤት በአንድ ጊዜ ኪራይ የከፈልኩበት ወር፣ ለአዲሱ ቤት ያስያዝኩት ገንዘብ፣ ቤት እስካገኝ ያደርኩበት ሆቴል ሲደማመር የሦስት ወር ደመወዜን በላው። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ከሌላ ከተማ ተቀጥሮ የመጣ ባልደረባዬ ዕቃው በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ተጭኖ እንደመጣለት አጫወተኝ። በትምህርትም በልምድም አንበላለጥም ነበር። እሱ ጠየቀ፤ እኔ ዝም አልኩ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው አባባል በእርግጥ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ኋላ ላይ እኔ ራሴ ሠራተኛ በመቅጠር ሥራ ላይ ተሰማርቼ የቀጣሪውን ወገን ወክዬ ስደራደር ቆየሁ። በእነዚያ ዓመታት እንዳየሁት፣ ድጋፍ የሚያገኙት የግድ አንደበተ ርቱዖቹ ወይም ደፋሮቹ አይደሉም፤ ወጪያቸውን ቆጥረው፣ ጽፈው፣ በሰዓቱ የሚያቀርቡት ናቸው። «እባካችሁ ትንሽ እርዱኝ» የሚል ሰው ቸርነት ይጠብቃል። «በዚህ ቀን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው ወጪ ይህ ነው» የሚል ሰው ግን የሚያወራው ስለ ሥራው ነው። ያ ወጪ የመጣው ቀጣሪው እርስዎን እዚያ ቦታ ስለፈለገ ነውና፣ እንደ ጠረጴዛውና እንደ ኮምፒውተሩ ሁሉ የቅጥሩ አካል ነው። ይህን አምነው ይነሱ።

ደረጃ 1፦ የቀጣሪውን አሠራር ይወቁ

የመዛወሪያ ድጋፍ መጠየቅ ደመወዝ ጭማሪ ከመጠየቅ ይቀላል። ደመወዝ በየወሩ የሚደጋገም ወጪ ነው፤ ጡረታና ሌሎች ክፍያዎችም በእርሱ ላይ ይሰላሉ፤ ከዚህም በላይ በተመሳሳይ ደረጃ ላይ ያሉ ነባር ሠራተኞች ሲሰሙ ቅሬታ ያስነሳል። የጓዝ ማንሻ ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚዘጋ ሒሳብ ነው። ብዙ ጊዜም ከሌላ የበጀት ርዕስ ስለሚወጣ፣ በደመወዝ ላይ «ጣሪያችን ይህ ነው» ያለዎት ኃላፊ በዚህኛው ላይ እጁ ሊፈታ ይችላል።

ትልልቅ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈ የመዛወሪያ መመሪያ አላቸው። መመሪያው ሠራተኛውን በሥራ ደረጃው፣ በቤተሰቡ ብዛት፣ በተከራይነቱ ወይም በቤት ባለቤትነቱ ይከፋፍላል፤ ለእያንዳንዱም የተወሰነ ጥቅም ይመድባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «የመዛወሪያ መመሪያ አላችሁ? እኔ በየትኛው ምድብ ውስጥ እገባለሁ?» የሚል ይሁን። በዚህ ዓይነት ቦታ ከመመሪያው ውጭ ከመጠየቅ ይልቅ «ከፍ ያለው ምድብ ይገባኛል፤ ምክንያቱም ቤተሰቤን ይዤ ነው የምመጣው» ማለት ያዋጣል። አነስተኛ ድርጅቶች ደግሞ የተጻፈ ነገር ላይኖራቸው ይችላል። እዚያ ጉዳዩ የሚወሰነው በአንድ ሰው ፈቃድ ነውና የሚያቀርቡት ዝርዝር ራሱ መመሪያ ሆኖ ያገለግላል።

የሚያነጋግርዎ ሰው ወሳኝ ላይሆን እንደሚችልም አይርሱ። የሰው ኃይል ባለሙያው ጥያቄዎን ወደ ክፍሉ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ፋይናንስ ይወስደዋል። ለእነዚያ ላላገኟቸው ሰዎች በእርስዎ ፈንታ የሚናገረው የሰጡት ወረቀት ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ወጪውን ቆጥረው በወረቀት ያስፍሩ

ጊዜዎን ሳይሰስቱ የሚሰጡት ሥራ ይህ ነው። ብዙ ሰው «የመኪና ኪራይ» ብሎ ያቆማል፤ ዕቃውን መጫንና ማውረድ ግን ከጠቅላላው ወጪ አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

ከዕቃው ይጀምሩ። በየክፍሉ እየዞሩ የሚሄደውን፣ የሚሸጠውን፣ ለሰው የሚሰጠውን ይለዩ። ከዚያም ቢያንስ ከሦስት የጓዝ አጓጓዦች ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። አጓጓዡ ቤትዎ መጥቶ ወይም በቪዲዮ ዕቃውን ሳያይ በስልክ ብቻ የሚሰጥዎትን ዋጋ አይመኑ፤ የጭነት ቀን ሲደርስ «ዕቃው ከተባለው በላይ ነው» የሚል ክርክር ይዞ ይመጣል። ፕሮፎርማው ማሸጊያውን፣ ሸካሚዎችን፣ ፎቅ የሚያስወጣና የሚያስወርድ ከሆነ ተጨማሪውን ክፍያ፣ መጋዘን ካስፈለገ የቀን ሒሳቡን ለይቶ እንዲያሳይ ይጠይቁ። ዋጋው የመጨረሻና የማይለወጥ ነው ወይስ ግምት ብቻ? ይህም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ኢንሹራንሱ ለብቻው ይታይ። አጓጓዡ «ኃላፊነት እንወስዳለን» ቢልም ያ ኃላፊነት ከዕቃው ዋጋ ጋር ላይገናኝ ይችላል። ለምሳሌ በአሜሪካ ከግዛት ግዛት በሚደረግ የጓዝ ማጓጓዝ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጠው ዝቅተኛው ሽፋን ለአንድ ዕቃ በእያንዳንዱ ፓውንድ ክብደት (ግማሽ ኪሎ ገደማ) 60 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነው። ሃያ ፓውንድ የሚመዝን ቴሌቪዥን ቢሰበር ካሳው 12 ዶላር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉ ዋጋውን የሚሸፍን መድን በዝርዝርዎ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው።

ጓዙ ባሕር የሚሻገር ከሆነ የሚለካው በሜትር ኩብ ነው። 20 ጫማ ኮንቴይነር በውስጡ 33 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ 40 ጫማው ደግሞ 67 ያህል። ዕቃዎ ከዚህ በብዙ ካነሰ ከሌሎች ሰዎች ጭነት ጋር ተጋርቶ መላክ ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ኮንቴይነሩ እስኪሞላ መጠበቅ አለ። በመርከብ የሚሄድ ዕቃ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳልና ለዚያ ጊዜ የሚሆን ልብስ፣ የሥራ መሣሪያና የልጆች ዕቃ በአውሮፕላን ለማስላክ ጥቂት ኪሎ ቢጠይቁ ማንንም አያስገርምም።

አሁን ደግሞ ወደ ተደበቁት ወጪዎች። የራሴን ሦስት ወር ደመወዝ የበሉት እነዚህ ናቸውና በየተራ ልጥቀሳቸው። አዲሱን ቤት ለማየት የሚደረግ ጉዞ፤ ቤት እስኪገኝ የሚያርፉበት ሆቴል ወይም የተዘጋጀ አፓርታማ፤ የቀድሞው የኪራይ ውል ጊዜው ሳያልቅ ሲቋረጥ የሚከፈል ቅጣት፤ በሁለቱ ቤቶች ኪራይ የሚደራረብባቸው ሳምንታት፤ የአዲሱ ቤት ማስያዣና የደላላ ኮሚሽን፤ የመብራት፣ የውኃና የኢንተርኔት ማስገቢያ፤ መኪና ካለ ማስጫኛው ወይም የጉዞው ነዳጅ፤ የቤተሰብ ትኬት፤ የልጆች መመዝገቢያ፤ የቤት እንስሳ ካለ ክትባቱና ማጓጓዣው። የራስዎ ቤት ከሆነ ደግሞ የመሸጫ ወይም የማከራያ ወጪው።

ከአሮጌው መሥሪያ ቤት ትተውት የሚወጡትንም ለብቻው ይቁጠሩ። ሁለት ወር ቢቆዩ ያገኙት የነበረ ቦነስ፣ ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ፣ ከመልቀቂያው ጋር ተያይዞ የሚመለስ የትምህርት ወጪ ካለ ይጻፉት። ይህ የመዛወሪያ ወጪ አይደለም። ቢሆንም የፊርማ ገንዘብ (ሠራተኛው ሲፈርም ቀጣሪው አንድ ጊዜ የሚሰጠው ክፍያ) ለመጠየቅ በቂ ምክንያት ይሆናል፤ በሌላ ወረቀት ያቆዩት።

ከቁጥሮቹ ሁሉ በኋላ ሦስት ዓምድ ይሥሩ። የመጀመሪያው ያለ እርሱ መምጣት የማይቻልበትን ወጪ ይይዛል። ሁለተኛው ቢገኝ ሕይወትን የሚያቀልለውን፣ ሦስተኛው በድርድሩ መካከል ለመተው የተዘጋጁበትን። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ መደራደር ያስቸግርዎታል፤ አንድ ነገር ሲተዉ የሚታይ ሰው ሌላውን በቀላሉ ያገኛልና። ቀጣሪው የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ቢሸፍን እቀበላለሁ ወይስ አልቀበልም? መልሱን ከስልኩ በፊት ከትዳር አጋርዎ ጋር ተመካክረው ይጨርሱ።

ደረጃ 3፦ ገንዘቡ እንዴት እንዲከፈል ይፈልጋሉ?

ስንት ይከፈለኛል ከሚለው እኩል፣ አንዳንዴም ይበልጥ፣ እንዴት ይከፈለኛል የሚለው ይከብዳል። መንገዱ በዋናነት ሦስት ነው።

አንደኛው ቀጣሪው በቀጥታ ለአጓጓዡ፣ ለሆቴሉና ለአየር መንገዱ የሚከፍልበት ነው። ገንዘቡ በእጅዎ አያልፍም፣ ከኪስዎ አስቀድመው አያወጡም። ቤተሰብ ላለውና ብዙ ዕቃ ለሚያንቀሳቅስ ሰው እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ወጪው ከግምቱ ቢያልፍ ጭንቀቱ በአብዛኛው የቀጣሪው ነውና።

ሁለተኛው እርስዎ ከፍለው ኋላ በደረሰኝ የሚያወራርዱበት ነው። ቀጣሪዎች ይወዱታል፤ ያወጡትን ብቻ ይከፍላሉና። ለሠራተኛው ግን አደገኛ ጎን አለው። በመጀመሪያው ወር ደመወዝ ገና አልደረሰም፣ ማስያዣ ተከፍሏል፣ ሆቴሉ በየቀኑ ይቆጥራል፣ የማወራረጃ ሰነዱ ደግሞ በፋይናንስ ክፍል ፊርማ ይጠብቃል። ይህ መንገድ ከቀረበልዎ ከጠቅላላው ግማሽ ያህሉ በቅድመ ክፍያ እንዲሰጥዎ፣ ቀሪውም ደረሰኝ ባስገቡ በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲከፈል ይጠይቁ። ጣሪያውን፣ ተቀባይነት ያላቸውን የወጪ ዓይነቶችና ደረሰኝ የሚገባበትን የመጨረሻ ቀን አስቀድመው ይወቁ።

ሦስተኛው አንድ ጊዜ በጥቅል የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ነፃነት አለው፤ ቢቆጥቡ የሚተርፈው የእርስዎ ነው። ብቻውን ለሚኖርና ሁለት ሻንጣ ይዞ ለሚነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ሆኖም ቀጣሪዎች ጥቅሉን ብዙ ጊዜ በክብ ቁጥር ይወስኑታል፤ ቁጥሩ ከእርስዎ ወጪ ጋር ይገናኝ አይገናኝ የሚያውቁት በደረጃ 2 የሠሩትን ስሌት አጠገቡ ሲያስቀምጡ ነው።

ሦስቱን ማቀላቀልም ይቻላል። ዕቃው በቀጥታ ክፍያ፣ ትኬቱ በቀጣሪው ግዢ፣ የቀረው ጥቃቅን ወጪ በጥቅል ገንዘብ ቢሆን ለሁለቱም ወገን የሚስማማ አደረጃጀት ነው።

ደረጃ 4፦ ጊዜውን ይጠብቁ

ጥያቄው ጉልበት የሚኖረው ቀጣሪው «እርስዎን መርጠናል» ካለበት እርስዎ እስከሚፈርሙበት ድረስ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ከዚያ በፊት በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ካነሱት ገና ሳይፈልጉዎት ወጪ ይሆኑባቸዋል። ከፈረሙ በኋላ ካነሱት ደግሞ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። «ቦታ ለመቀየር ዝግጁ ነዎት?» ብለው በቃለ መጠይቁ ከጠየቁዎት «አዎ፣ ዝግጁ ነኝ፤ ዝርዝሩን ጊዜው ሲደርስ እንነጋገርበታለን» በቂ መልስ ነው። የማመልከቻ ቅጹ «በራስዎ ወጪ ይዛወራሉ?» የሚል ጥያቄ ካለው ግን እውነቱን ይመልሱ፤ «አዎ» ብለው ሞልተው ኋላ መጠየቅ ታማኝነትዎን ያጎድፋል።

የቅጥር ደብዳቤው ሲደርስዎ አመስግነው ሁለት ወይም ሦስት ቀን የማጤኛ ጊዜ ይጠይቁ። ፕሮፎርማ የሚሰበሰበው በእነዚህ ቀናት ነው። ከሁሉም በላይ፣ የመዛወሪያው ስምምነት በጽሑፍ ሳይደርስዎ ከአሮጌው ሥራዎ መልቀቂያ አያስገቡ። መልቀቂያውን ያስገባ ሰው የመጣለትን ሁሉ ለመቀበል ይገደዳል።

ደረጃ 5፦ የሚናገሩት

በመጀመሪያ በስልክ ወይም በአካል፣ ወዲያው በጽሑፍ። ስልኩ ጉዳዩን ያለሰልሰዋል፤ ጽሑፉ ያጸናዋል። በስልክ እንዲህ ማለት ይችላሉ፦

«ስለ ሰጣችሁኝ ዕድል በጣም አመሰግናለሁ፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። ከመፈረሜ በፊት የቀረኝ አንድ ጉዳይ ከእነቤተሰቤ የምዛወርበት ወጪ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለእንዲህ ያለ ሁኔታ ምን ዓይነት ድጋፍ እንደሚሰጥ ሊያስረዱኝ ይችላሉ?»

ከዚያ ዝም ይበሉ። ቁጥር መጀመሪያ የሚጠራው ማን ይሁን የሚለው ብዙ ያከራክራል። በደመወዝ ላይ የተለየ ሐሳብ ሊኖር ይችላል፤ በመዛወሪያ ጉዳይ ግን መጀመሪያ የእነርሱን አሠራር መስማት ይሻላል ባይ ነኝ። መመሪያቸው እርስዎ ያላሰቡትን ጥቅም፣ ለምሳሌ ለባለቤትዎ ሥራ የማፈላለግ እገዛን፣ ሊይዝ ይችላልና። «መመሪያ የለንም፤ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» ካሉ ግን አያመንቱ፤ ዝርዝሩን እንደሚልኩ ይንገሯቸውና በዚያው ቀን ይላኩ። ደብዳቤው ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ በስልክ ስለ ሰጡኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። እንደተነጋገርነው በተባለው ቀን ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገኝን የመዛወሪያ ወጪ ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ። የዕቃ ማጓጓዣው ከሦስት ድርጅቶች በተሰበሰበ ፕሮፎርማ ላይ የተመሠረተ ሲሆን የወሰድኩት መካከለኛውን ነው። ጊዜያዊ ማረፊያውን ለ30 ቀን አስልቻለሁ። ማጓጓዣው በቀጥታ በመሥሪያ ቤቱ ቢከፈል፣ የቀረው ደግሞ በቅድመ ክፍያ ተሰጥቶኝ በደረሰኝ ባወራርድ ለሁለታችንም አመቺ ይመስለኛል። በዚህ ላይ ከተስማማን በማግሥቱ ፈርሜ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይዝለሏት። ቀጣሪውን የሚያሰጋው ገንዘቡን ፈቅዶ እርስዎ ሌላ ጥያቄ ይዘው መመለስዎ ነው። «ይህ ከተፈታ እፈርማለሁ» የሚል ቃል ያንን ስጋት ያነሳል፤ ቃሉንም ከሰጡ በኋላ ይጠብቁት። መካከለኛውን ፕሮፎርማ መምረጥም ምክንያት አለው። ከፍተኛውን ቢወስዱ ይጠራጠሩዎታል፤ ዝቅተኛውን ቢወስዱ ለመቀነስ ቦታ አይኖርዎትም።

ስለ ቤተሰብ ችግርና ስለ ዕዳ ማውራት ግን አያስፈልግም። አዝነው የሚሰጡዎት ሰዎች ቢኖሩ እንኳ ለፋይናንስ ክፍሉ የሚያቀርቡት ምክንያት ያጣሉ። ከዚያ ይልቅ ወጪውን ከሥራው ጋር ያያይዙት፤ «ጊዜያዊ ማረፊያ ቢኖረኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ትኩረቴን ለሥራው እሰጣለሁ፤ ካልሆነ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤት በመፈለግ ነው የማሳልፈው» ማለት እውነትም ነው፣ ለእነርሱም ይጠቅማል።

ደረጃ 6፦ «አይቻልም» ሲባሉ

«በጀት የለንም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ «በዚህ ርዕስ በጀት የለንም» ማለት ነው። ስለዚህ በሌላ በር ይሂዱ። የፊርማ ገንዘብ ከሌላ ሒሳብ ሊወጣ ይችላል። ከመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ የሚቀነስ፣ ወለድ የሌለው የደመወዝ ቅድሚያ ለቀጣሪው ዘላቂ ወጪ አይደለም፤ ለእርስዎ ግን የመጀመሪያውን ወር ያሻግርዎታል። ድርጅቱ የእንግዳ ማረፊያ ካለው ወይም በቅናሽ የሚስተናገድበት ሆቴል ካለ ለጥቂት ሳምንት እንዲያርፉ ይጠይቁ።

ገንዘብ ያልሆኑትም አይናቁ። ሥራ የሚጀምሩበት ቀን በሦስት ሳምንት ቢገፋ የኪራይ ውልዎ ሊያልቅ ይችላል፤ ቅጣቱ ቀረ ማለት ነው። የሥራው ጠባይ ከፈቀደ የመጀመሪያውን ወር ካሉበት ሆነው በኢንተርኔት መሥራት፣ ለጓዝ ማንሻ ከዓመት ፈቃድ የማይቀነስ አምስት የሥራ ቀን ማግኘት፣ ቤተሰቡ የትምህርት ዘመኑ እስኪያልቅ ቆይቶ የመምጣት ወጪው ያኔ እንዲሸፈን መስማማት፣ እነዚህ ሁሉ ለቀጣሪው እጅግ ርካሽ ናቸው።

«የሙከራ ጊዜዎን ሲጨርሱ እናየዋለን» የሚለው ተስፋ ከተሰጠዎት «እናየዋለን» የሚለው ቃል በቁጥርና በቀን ይተካ። ካልተተካ እንደሌለ ይቁጠሩት። ሁሉም በር ከተዘጋ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓምድ አውጥተው ከአዲሱ ደመወዝ ላይ ያንን ወጪ ይቀንሱና የመጀመሪያ ዓመት ገቢዎን ከአሁኑ ጋር ያነጻጽሩ። በልበ ሙሉነት «አመሰግናለሁ፣ አልችልም» ያሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከሳምንት በኋላ ተደውሎላቸዋል። ይደወልልኛል ብሎ ተማምኖ እንቢ ማለት ግን ስህተት ነው፤ እንቢ የሚባለው እውነት ሲያዋጣ ብቻ ነው።

ደረጃ 7፦ ግብሩን አይርሱ

በብዙ አገሮች ቀጣሪው የሰጠው የመዛወሪያ ገንዘብ፣ በተለይ በጥቅል ሲሆን፣ እንደ ደመወዝ ይታይና ግብር ይቆረጥበታል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ ቀጣሪ ለሠራተኛ የሚከፍለው የመዛወሪያ ወጪ፣ ከጦር ኃይሉና ከመሳሰሉት ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ሆኗል። በብሪታንያ ደግሞ ሕጉ ለሚፈቅዳቸው የመዛወሪያ ወጪዎች እስከ 8,000 ፓውንድ ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያልና የሚሄዱበትን አገር ደንብ ከፋይናንስ ክፍሉ ይጠይቁ፤ ከዚያም የተስማሙበት ቁጥር የተጣራ ይሁን ያልተጣራ በደብዳቤው ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ስሌቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእጅዎ 90,000 እንዲገባ ፈልገው ግብሩ 25 በመቶ ቢሆን፣ በ90,000 ላይ 25 በመቶ ጨምረው 112,500 ቢጠይቁ አይደርስዎትም፤ ግብሩ 28,125 ሲነሳ 84,375 ይቀራል። ትክክለኛው መንገድ 90,000ን ለ0.75 ማካፈል ነው፤ 120,000 ይመጣል።

ደረጃ 8፦ ውሉ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»። በቃል ቃል የገባልዎ ኃላፊ በቅን ልቦና ቢሆንም እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ሊዛወር ይችላል። የቅጥር ደብዳቤው ራሱ ወይም አባሪው የሚሸፈነውን ወጪ፣ ጣሪያውን፣ የአከፋፈሉን መንገድና ጊዜ፣ ግብሩን ማን እንደሚሸፍን መያዝ አለበት።

ከሁሉ ይበልጥ የሚጠነቀቁት ገንዘቡን ስለ መመለስ የሚናገረው አንቀጽ ነው። ቀጣሪዎች ሠራተኛው ከ12 ወይም ከ24 ወር በፊት ከለቀቀ የመዛወሪያውን ወጪ እንዲመልስ ያስፈርማሉ። ይህ በራሱ ተገቢ ነው፤ በእነርሱም ቦታ ሆኜ አስፈርሜያለሁ። የሚያስከፋው አጻጻፉ ነው። ሦስት ነገሮችን ይፈትሹ። የመጀመሪያው፣ ዕዳው በቆዩበት ወር ልክ እየቀነሰ ይሄዳል ወይ? የተከፈለው 120,000፣ የግዴታው ዘመን 24 ወር ቢሆንና በ18ኛው ወር መጨረሻ ቢለቁ መመለስ ያለብዎት የቀሪው 6 ወር፣ ማለትም 30,000 ነው። ይህ ካልተጻፈ አንድ ወር ቢቀርዎት እንኳ ሙሉውን ሊጠይቁዎት ይችላሉ። ሁለተኛው፣ ቀጣሪው ራሱ ቢያሰናብትዎ፣ የሥራ መደቡ ቢታጠፍ፣ ወይም በከባድ ሕመም ምክንያት ቢለቁ ግዴታው እንዲቀር የሚል ቃል አለ ወይ? ከሌለ ያስገቡ። ሥራውን ትቶ የሄደና ከሥራው የተባረረ ሰው እኩል ዕዳ ሊሸከም አይገባም። ሦስተኛው፣ የሚመለሰው በእጅዎ የገባው ነው ወይስ ቀጣሪው ለግብር የከፈለውም ተጨምሮ? የግዴታው ዘመን የሚቆጠረው ሥራ ከጀመሩበት ቀን መሆኑንም ያረጋግጡ።

ወደ ውጭ አገር ከሆነ

እዚህ ላይ ዝርዝሩ ይረዝማል፦ የቪዛና የሥራ ፈቃድ ክፍያ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም፣ የሰነድ ትርጉምና ማረጋገጫ፣ የሕክምና ምርመራ፣ እዚያ ያለው የጤና መድን እስኪጀምር የሚያገለግል ጊዜያዊ መድን፣ የግብር አማካሪ። የመመለሻ ትኬትንም በግልጽ ያንሱት። ውሉ ሲያልቅ ወይም ቀጣሪው ሲያቋርጠው እርስዎንና ዕቃዎን ማን ይመልሳል? በመጨረሻው ሰዓት ሳይሆን ዛሬ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው።

አንድ ከልቤ የማሳስበው ነገር አለ። ሥራ ለማግኘት ወይም ለመዛወር እርስዎ አስቀድመው እንዲከፍሉ የሚጠይቅ «ቀጣሪ» ሲገጥምዎ ይቁሙ። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ያወጣቸው የፍትሐዊ ምልመላ መርሖዎች ሠራተኛ የምልመላ ክፍያና ተያያዥ ወጪ ሊጠየቅ እንደማይገባ ይደነግጋሉ። ሌላው የማጭበርበሪያ መንገድ ደግሞ ድጋፍ መስሎ ይመጣል፦ የማያውቁት ድርጅት «ለጓዝ ማንሻ» ብሎ ቼክ ይልክልዎታል፤ ከዚያ ላይ ከፊሉን እነርሱ ለመረጡት አጓጓዥ እንዲያስተላልፉ ይነግርዎታል። እርስዎ የላኩት ገንዘብ እውነተኛ ነው፤ ቼኩ ግን ከቀናት በኋላ ሐሰተኛ ሆኖ ይመለሳል፣ ባንኩም ዕዳውን ከእርስዎ ይፈልጋል። እውነተኛ ቀጣሪ አጓጓዡን ራሱ ይከፍላል እንጂ በእርስዎ ሒሳብ በኩል ገንዘብ አያሻግርም።

ደረጃ 9፦ ከተስማሙ በኋላ

ፊርማው ከደረቀበት ቀን ጀምሮ አንድ ማኅደር ይክፈቱ። እያንዳንዱን ደረሰኝ በተሰጠዎት ቀን ፎቶ ያንሱ፤ በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ ጽሑፉ በጥቂት ወራት ሊደበዝዝ ይችላል። ያልተጠበቀ ወጪ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ዕቃው ዘግይቶ የሆቴሉ ቀን ቢረዝም፣ ከመክፈልዎ በፊት ለሰው ኃይል ክፍሉ በጽሑፍ ያሳውቁ። ኋላ «ማን ፈቀደው?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልስልዎ ያ መልእክት ነው።

ዕቃው ከመጫኑ በፊት ዋጋ ያላቸውን ነገሮች ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፤ የካርቶኖቹን ብዛትና ቁጥር ከአጓጓዡ ዝርዝር ጋር ያስተያዩ። ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቅጥር ውል፣ መድኃኒትና ጌጣጌጥ ከራስዎ ጋር ይጓዙ እንጂ መኪናው ላይ አይጫኑ። ዕቃው ሲደርስ አውራጆቹ ቢያጣድፉዎትም «በደህና ተረክቤያለሁ» በሚለው ወረቀት ላይ ከመፈረምዎ በፊት የተሰበረውንና የጎደለውን በዚያው ወረቀት ላይ በእጅዎ ይጻፉ፤ ከዚያ ይፈርሙና ቅጂውን ይያዙ። የካሳ ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ የተወሰነ ነው፤ ካርቶኖቹን ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ከፍተው ይዩ።

ደረሰኞቹን የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ ያስገቡ፤ የተከፈለዎትም ከተስማሙበት ጋር መመሳሰሉን በደመወዝ መግለጫዎ ላይ ያረጋግጡ። ማኅደሩን ገንዘቡን የመመለስ ግዴታዎ እስከሚያበቃበት ቀን ድረስ ይጠብቁት፤ ያንን ቀን ዛሬውኑ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ምልክት ያድርጉበት።